ፋይተሩ ተራው ሲደርስ የሚመታው የለም፦ በውጊያ ላይ ሚናዎችን እንዴት ታመጣጥናላችሁ?

ቆርኪ ሰብሳቢ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ቅዳሜ ማታ ማታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ) አጫውታለሁ፤ የምንጠቀመው የ2014ቱን (እ.ኤ.አ.) አምስተኛ እትም ነው። ተጫዋቾቼ አራት ናቸው፤ ፋይተር (ተዋጊ)፣ ዊዛርድ (አስማተኛ)፣ ክሌሪክ (ፈውስ የሚያውቅ ካህን) እና ሮግ (ሌባ)፤ ሁሉም ሌቭል 5 ደርሰዋል። የገጸ ባሕርያቱ ትንንሽ ምስሎች ስለሌሉን የለስላሳ ቆርኪ ቀለም ቀብተን ካሬ ወረቀት ላይ እንደረድራለን።

ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው የምጽፈው። ሸለቆ ውስጥ ስምንት ሆብጎብሊኖች (ጭራቅ ወታደሮች) አድፍጠው ጠበቋቸው። ካርታውን ለመሳል አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያው ተራ ለዊዛርዱ ወጣ፤ ፋየርቦል (ዙሪያውን ሁሉ የሚያቃጥል የእሳት ኳስ) ለቀቀ። ባለ 6 ጎን ስምንት ዳይስ፣ በአማካይ 28 ጉዳት። አንድ ሆብጎብሊን ያለው 11 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ነው፤ ሴቪንግ ስሮው (የማምለጫ ዳይስ) ቢያልፍ እንኳ የሚደርስበት ግማሹ 14 ነው። ስምንቱም ባሉበት አለቁ።

ቀጥሎ የፋይተሩ ተራ ደረሰ። እሱን የሚጫወተው የአክስቴ ልጅ ነው፣ 17 ዓመቱ። ዳይሱን በእጁ ጨብጦ ካርታውን ትንሽ አየና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እንግዲህ የሞቱትን ልፈትሽ» አለ። ከዚያ በኋላ እስክንበተን ድረስ ስልኩ ላይ ነበር። በር ላይ ስሸኘው «ጋሼ፣ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ላልመጣ እችላለሁ» አለኝ።

ዊዛርዱ ምንም አላጠፋም፤ ያለውን ተጠቀመ። ግን ምን ላድርግ? ፋየርቦሉን ላዳክመው? ለፋይተሩ ጉዳት ልጨምርለት? የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

---

ሦስተኛው ራውንድ

ወንድሜ፣ ቁጥር ከመንካትህ በፊት አንድ ነገር ንገረን። በሁለት ሎንግ ረስት (ኃይል በሚመለስበት ረጅም እረፍት) መሃል ስንት ውጊያ ይገጥማቸዋል?

---

ቆርኪ ሰብሳቢ

አንድ። አልፎ አልፎ ሁለት።

---

ሦስተኛው ራውንድ

ነገሩ እዚያ ላይ ነው። በደንብ ላስረዳ፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳንተ ሳጫውት ነው የቆየሁት።

ሌቭል 5 ዊዛርድ በቀን ሁለት የሦስተኛ ደረጃ ስፔል ስሎት (ፋየርቦል የሚያህል አስማት የሚለቅበት ኮታ) አለው። በሾርት ረስት (አጭር እረፍት) ላይ በአርኬን ሪከቨሪ ችሎታው አንዱን ሊመልስ ይችላል፤ ሲበዛ ሦስት ፋየርቦል ነው። በቀን አንድ ውጊያ ብቻ እንዳለ ካወቀ የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም፤ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ራውንድ (ሁሉም አንዳንድ ተራ የሚያገኝበት ዙር) ትልቁን ይለቃል። በሦስተኛው ራውንድ ውጊያው አልቋል።

አሁን ፋይተሩን እንይ። ሎንግ ሶርድና ጋሻ ይዟል፣ ስትሬንግዙ (ጉልበቱ) +4 ነው፣ ዱዌሊንግ ስታይል (ጉዳት የሚጨምር የውጊያ ስልት) መርጧል እንበል። አንዱ ምት በአማካይ 10.5 ያደርሳል፤ በተራው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ኤሲው (የመከላከያ ቁጥሩ) 15 የሆነን ጠላት 65 ከመቶ ያህል ያገኘዋል። ተባዝቶ ሲወጣ በራውንድ 14 ገደማ። ከፋየርቦሉ ጎን ስታስቀምጠው ያሳዝናል። ነገር ግን ያ 14 አያልቅም። በአምስተኛው ውጊያም ያው 14 ነው፤ በዚያ ላይ አክሽን ሰርጁ (ተጨማሪ ጥቃት) እና ሰከንድ ዊንዱ (ራሱን ማከሚያ) በየሾርት ረስቱ ይመለሱለታል። ስሎቱን የጨረሰ ዊዛርድ ደግሞ ፋየርቦልት (ስሎት የማይፈጅ ትንሽ እሳት) ይወረውራል፤ ባለ 10 ጎን ሁለት ዳይስ፣ ከመሳቱ ጋር ሲታሰብ በራውንድ 7 ገደማ። የፋይተሩ ግማሽ ማለት ነው።

የ2014ቱ የዳንጀን ማስተር (የአጫዋቹ) መመሪያ አንድ ቡድን በጨዋታው ቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ግጥሚያ፣ በመሃሉም ሁለት ሾርት ረስት እንደሚችል ይናገራል። ክላሶቹ የተሰፉት በዚያ ቀን ልክ ነው። አንተ ቀኑን ወደ አንድ ውጊያ ስታሳጥረው ፋይተሩ የተሠራበት ሰዓት ሳይደርስ ይመሻል።

ስለዚህ ፋየርቦሉን አትንካው። ቀኑን አርዝመው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ ማታ

ይሄ ምክር ወረቀት ላይ ያምራል። እኛ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፤ አንዳችን ሌሊት ይሠራል፣ አንዷ ልጅ አስተኝታ ነው የምትመጣው፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ለሦስት ሰዓት ብንገናኝ ነው። ስድስት ውጊያ ማለት ለኛ ሁለት ወር ነው። የጨዋታው ቀን ሳይመሽ እኛ አርጅተን! ደግሞ ውጊያ ብቻ አይደለም፤ ከንጉሡ ጋር መነጋገር አለ፣ ገበያ መዞር አለ። ያንን ሁሉ ለስድስት ግጭት አልሠዋውም።

---

ሦስተኛው ራውንድ

እውነትሽን ነው (አንተ ከሆንክ ይቅርታ)፤ ሆኖም የጨዋታው ቀንና የእናንተ ማታ አንድ ላይ መጀመርና ማለቅ የለባቸውም። አንዱ የጨዋታ ቀን ሦስት ስብሰባ ቢፈጅ ምን ይላል? ሲበተኑ እያንዳንዱ የቀረውን ስሎትና ሂት ፖይንት ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ጽፎ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላል። እኛ ጋ ወረቀቶቹን ሰብስቤ የማስቀምጣቸው እኔ ነኝ፤ ቤት የሄደ ወረቀት ሁልጊዜ ይጠፋል።

ሌላም መንገድ አለ። በዚያው መመሪያ ውስጥ ሾርት ረስትን 8 ሰዓት፣ ሎንግ ረስትን 7 ቀን የሚያደርግ አማራጭ ደንብ ተቀምጧል። መንገድ ለሚበዛበት፣ ንግግር ለሚበዛበት ጨዋታ ልክ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ሦስት ግጭት ቢኖር እንኳ ሀብቱ ይሳሳል። በልምዴ ስድስት መሙላት ግዴታ አይደለም፤ ሦስት ወይም አራት ከሆነ ልዩነቱ ይታያል።

ብቻ አንድ ነገር አትርሱ፤ የሚያስቸኩል ጉዳይ ከሌለ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ውጊያ በኋላ ድንኳን ይተክላሉ። ሎንግ ረስት በ24 ሰዓት አንዴ ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ ይሁን እንጂ ጊዜ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጎህ ሲቀድ የሚሄድ መርከብ፣ ሲመሽ የሚሰቀል እስረኛ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልጋል።

---

እሳት አይነካው

ይሄን ያህል ስሌት ለምን? እሳት የማይበላው ጠላት አምጣ፣ አለቀ። ወይም ካውንተርስፔል (አስማት ማክሸፊያ) የሚያውቅ ጠንቋይ ጨምር። ዊዛርዱ ራሱ ይማራል።

---

የሰም ብርሃን

እኔ ዊዛርድ ተጫዋች ነኝ፤ ይሄን አስተያየት አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አምስት ሌቭል ሙሉ ከሰው ኋላ እየተሸሸግኩ ነው የመጣሁት። ኤሲዬ 12 ነው። በመጀመሪያው ሌቭል አንድ ጎብሊን በአንድ ቀስት ጥሎኝ መሬት ላይ ሆኜ የዴዝ ሴቭ (የሞት ሽረት) ዳይስ ስጥል ነበር። ፋየርቦል የደረሰኝ ቀን ቤተሰቤን ቀስቅሼ የነገርኳቸው ያህል ነው የተደሰትኩት። ጌም ማስተሬ (አጫዋቼ) በሚቀጥለው ሳምንት እሳት የማይነካቸውን ፍጡራን ደርድሮ ቢጠብቀኝ የምማረው ነገር ቢኖር እሱ እኔን እያጠቃ መሆኑን ነው። አንዴ ቢመጣ ደስ ይላል፤ በየሳምንቱ ከሆነ ቅጣት ነው። የአንዱን ደስታ ቀምቶ ለሌላው መስጠት ማመጣጠን አይባልም።

እኔ የምለምነው ሌላ ነገር ነው፤ ምርጫዬን ከባድ አድርጉት። ፋየርቦል ራዲየሱ 20 ጫማ ነው። ጠላቶቹ ሦስት ቦታ ተበታትነው ከመጡ የትኛውን ቡድን ልምታ ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛው ማዕበል ከበሩ ኋላ ሲጮህ ከሰማሁ አሁን ልተኩስ ወይስ ልጠብቅ ብዬ አስባለሁ። ፋይተራችን መሃላቸው ገብቶ ከሆነ ደግሞ እሱን ሳላቃጥል እንዴት ልወርውር ብዬ እጨነቃለሁ። ያን ጊዜ ተራዬ ራሱ ይጣፍጠኛል። ስምንት ሰው አንድ ካሬ ላይ አጭቃችሁ ስታመጡልኝ እኮ የማስበው ነገር የለኝም!

---

ደጀን

የክሌሪኳንም ስሙልኝ፤ በዚህ ክር ላይ እስካሁን ማንም አላነሳትም።

ሦስት ዓመት ክሌሪክ ተጫውቻለሁ። ተራዬ ሲደርስ ጠረጴዛው በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ «ፈውሺኝ» ይላል። ምን ላድርግ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እነሱ አስበውልኛል። ቁጥሩን ደግሞ ተመልከቱት። በ2014ቱ ደንብ ሂሊንግ ወርድ (የፈውስ አስማት) በመጀመሪያ ደረጃ ስሎት ባለ 4 ጎን አንድ ዳይስና ዊዝደሜን (የጥበብ ጭማሪዬን) ነው የሚመልሰው፤ የኔ +4 ስለሆነ 6.5 በአማካይ። ኦገር (ግዙፍ ጭራቅ) በአንድ ዱላ 13 ያወርዳል። የሁለት ስሎቴ ልፋት በአንድ ምት ይሄዳል። የ2024ቱ እትም ዳይሱን እጥፍ ማድረጉ ይህንኑ ሸክም ትንሽ አቅልሎታል።

አንድ ማታ እምቢ አልኩ። ሮጓችን ከ33 ሂት ፖይንቷ 14 ቀርቷት «ፈውሺኝ» ስትለኝ «አትወድቂም፣ እኔ ሌላ ሥራ አለኝ» ብዬ ስፒሪት ጋርዲያንስ (ጠባቂ መናፍስት) ለቅቄ ጠላቶቹ መሃል ገባሁ። ባለ 8 ጎን ሦስት ዳይስ፣ በዙሪያዬ 15 ጫማ የገባ ሁሉ ይቀምሳታል። ሮጓ ተቆጣች። በሁለት ራውንድ ውስጥ አራት ጠላት ወደቀ፤ ማንም አልሞተም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲወድቅ ብቻ ነው ሂሊንግ ወርድ የማወጣው፤ የወደቀን ለማንሳት 6 ሂት ፖይንት ከበቂ በላይ ነው።

ቆርኪ ሰብሳቢ፣ የአክስትህን ልጅ አይተኸዋል፣ እሰይ። ክሌሪክህ ግን ተራው ሲደርስ እሱ ራሱ ነው የሚወስነው ወይስ የሚታዘዘው? እስኪ በሚቀጥለው ተመልከተው። ስልክ የማይነካ ሰው ሁሉ ደስተኛ አይደለም።

---

ጋሻ ጃግሬ

ልጆች፣ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም፤ ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) አራተኛ እትም ጀምሮ እጫወታለሁ።

መጀመሪያ ጨዋታው በ1974 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የነበሩት ክላሶች ሦስት ናቸው፤ ተዋጊው፣ አስማተኛውና ክሌሪኩ። ሌባው በ1975 በተጨማሪ መጽሐፍ ነው የመጣው። ያን ጊዜ አስማተኛው በአንደኛ ሌቭል በቀን አንድ ስፔል ብቻ ነበረችው። ተዋጊው ያኖረዋል፣ በኋላ እሱ ውለታውን ይመልሳል፤ የጨዋታው ፈጣሪዎች የጋይጋክስና የአርነሰን ሚዛን በወራት ርዝመት ላይ የተዘረጋ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ያን ያህል ወር የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው።

አራተኛው እትም ሚናዎቹን በግልጽ ስም ሰጣቸው፤ ዲፌንደር (ተከላካይ)፣ ስትራይከር (አጥቂ)፣ ኮንትሮለር (ሜዳውን ተቆጣጣሪ)፣ ሊደር (ጓደኞቹን ደጋፊ)። ብዙ ሰው ክላሶቹ ተመሳሰሉብኝ ብሎ ጠላው፤ በከፊል ልክ ናቸው። እኔ ግን አንድ ነገሩን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ፋይተሩ የመታውን ጠላት «ማርክ» ያደርገዋል። ያ ጠላት ፋይተሩን ትቶ ሌላ ሰው ሊመታ ከሞከረ ጥቃቱ 2 ይቀነስበታል፤ አጠገቡ ከሆነ ደግሞ ፋይተሩ ወዲያው ይመታዋል። በቃ። ጠላት «ይሄን በብረት የተሸፈነ ሰውዬ ትቼ ዊዛርዱ ጋ ልሂድ» ማለት ዋጋ ያስከፍለው ነበር። በአምስተኛው እትም ፋይተር በራውንድ አንድ ሪአክሽን (ከተራው ውጪ የሚሰጠው ምላሽ) ብቻ ነው ያለው፤ አንዱን ሲይዝ ሁለቱ ያልፉታል።

ስሜን ያወጣሁት ከዚያ ነው። ጋሻ ጃግሬ የጌታውን ጋሻና መሣሪያ ይዞ ከጎኑ የማይለይ ሰው ነው። በኛ አገር የጦር ማዕረግ ራሱ ቦታን ይናገር ነበር፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች ከቀኝ፣ ግራ አዝማች ከግራ፣ ኋላ ደግሞ ደጀን። ማንም ፊታውራሪን «ስንት ገደልክ» ብሎ ብቻ አይለካውም፤ ፊቱን ይዟል ወይ ነው ጥያቄው። የአክስትህን ልጅ በጉዳት ብዛት ከዊዛርዱ ጋር ልታስተካክለው ብትሞክር እስከ ሌቭል 20 ስታሳድደው ትኖራለህ። የሚይዘው ቦታ ስጠው።

ከ2014ቱ መመሪያ ውስጥ አንድ አማራጭ ደንብ ፈልግ፤ ማርኪንግ ይባላል። በሜሌ (በቅርብ ውጊያ) የመታ ሰው ኢላማውን ማርክ ያደርጋል፤ እስከ ቀጣዩ ተራው መጨረሻ ያ ጠላት ሊያመልጥ ሲል የሚሰነዘርበት ኦፖርቹኒቲ አታክ አድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ወርውሮ የተሻለውን መያዝ) አለው፣ ሪአክሽንም አይበላም። ምንም አያስከፍልም፣ ለመማር አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ካርታህ ላይ በር ሣል። አሥር ጫማ የሆነ በር።

---

ቆርኪ ሰብሳቢ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደጀን፣ ያልሽው አስደንግጦኛል፤ ክሌሪኩን አንድም ቀን አላስተዋልኩትም ነበር። ሁለት ቅዳሜ ልሞክርና እመለሳለሁ።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ ማታ

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ቀኑ ርዝመት ሐሳቤን በግማሽ ቀይሬያለሁና። የ2024ቱን ደንብ የሚጠቀም ካለ ዌፐን ማስተሪን (የየመሣሪያውን ልዩ ችሎታ) ይመልከት። ፋይተራችን ዋርሃመር ይዞ እየመታ ጠላትን 10 ጫማ ይገፋል፤ ሎንግ ሶርድ ሲይዝ የመታው ጠላት ቀጣይ ጥቃቱ ዲስአድቫንቴጅ (ከሁለት ዳይስ ዝቅተኛው) ይሆንበታል። ጉዳቱ ብዙም አልጨመረም፤ ግን በየተራው የሚመርጠው ነገር አገኘ።

ደግሞ ሮጉን አትርሱ። ሮግ ስኒክ አታክ (የተጨማሪ ጉዳት ዳይስ) የሚያገኘው አድቫንቴጅ ሲኖረው ወይም ጓደኛው ከኢላማው 5 ጫማ ውስጥ ሲቆም ነው። በሌቭል 5 ባለ 6 ጎን ሦስት ዳይስ ነው፣ 10.5 በአማካይ። ፋይተሩ እዚያ ባይቆም ያ ዳይስ አይወረወርም። እኛ ጋ ሮጓ ዳይሱን ስታነሳ የፋይተሩን ስም ጠርታ «ስለቆምክልኝ» ትላለች። ትንሽ ነገር ነው፣ ጠረጴዛውን ግን ቀይሮታል።

---

ቆርኪ ሰብሳቢ

ተመልሻለሁ። የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ።

የተተወ የማዕድን ጉድጓድ አዘጋጀሁ። ከመንደሩ የታገቱ አንጥረኞች ውስጡ አሉ፤ ጎህ ሲቀድ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳሉ። ስለዚህ ማንም ድንኳን አልተከለም። አንዱ የጨዋታ ሌሊት ሁለቱንም ቅዳሜ ፈጀ፤ ሦስት ውጊያ፣ አንድ የሚደረመስ ድልድይ፣ አንድ ሾርት ረስት። ወረቀቶቹን እኔ ሰብስቤ አስቀመጥኩ።

መጀመሪያ ላይ አራት ጎብሊኖች ነበሩ። ዊዛርዱ በለመደው እጁ ፋየርቦል ለቀቀ፤ አለቁ። የአክስቴ ልጅ (በመጨረሻ መጥቷል) አየኝ፤ ሆዴ ቦጭ አለ። በሁለተኛው አዳራሽ ሌላ ፋየርቦል ሄደ። ከዚያ ሾርት ረስት አደረጉ፣ ዊዛርዱ አንድ ስሎት መለሰና ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ። «አንድ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ። ድምፁ ተለወጠ። ጠረጴዛው ላይ ሰዎች እርስ በርስ መመካከር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጨረሻው ክፍል መግቢያ ጋሼ እንዳሉት 10 ጫማ በር ነው። ከበሩ ወዲያ ሁለት ኦገር፣ ከኋላቸው በግራና በቀኝ መተላለፊያ የተበተኑ ስድስት ቀስተኛ ሆብጎብሊኖች። የአክስቴ ልጅ ማንም ሳይነግረው ቆርኪውን በሩ ላይ አስቀመጠና «እኔ እዚህ ነኝ» አለ። ዊዛርዱ በግራ በኩል ዌብ (የሸረሪት ድር አስማት) ዘርግቶ ኮንሰንትሬሽን (አስማቱን የሚያቆየውን ትኩረት) ያዘ። ክሌሪኩን እኔ ነኝ «ምን ማድረግ ትፈልጋለህ?» ብዬ የጠየቅኩት፤ ሌሎቹ ሲጮሁ ዝም አስባልኳቸው። ትንሽ አሰበና ብለስ (ዳይስ የሚያግዝ ቡራኬ) አደረገ፣ ለሦስቱ ጓደኞቹ።

ሦስተኛው ራውንድ ላይ አንዱ ኦገር 9 ሂት ፖይንት ቀርቶት ነበር፤ ይህን እኔ ብቻ አውቃለሁ። ኮንሰንትሬሽኑን ሊሰብር ፋይተሩን ትቶ ወደ ዊዛርዱ አመራ። ፋይተሩ በተራው መትቶት ስለነበር ማርክ ነው። «ከአጠገብህ ሊያልፍ ነው» አልኩት። ሁለት ዳይስ ወረወረ፤ አንዱ 4፣ አንዱ እየተሽከረከረ ሄዶ ከቡና ስኒው ተጋጭቶ ቆመ። 19። ጉዳቱን ሲወረውር ባለ 8 ጎኑ ዳይስ 5 ወጣ፣ ከቋሚ ጭማሪው 6 ጋር 11። ኦገሩን ከካርታው ላይ አነሳሁት። የአክስቴ ልጅ እንዴት እንደተነሳ አላውቅም፤ ወንበሩ ወድቆ ነበር። ከሁሉም በፊት የጮኸው ዊዛርዱ ነው።

ቀጥሎ ቀስተኞቹ በቀኝ በኩል ተሰባስበው ሊሸሹ ሲሉ የመጨረሻዋ ፋየርቦል ተለቀቀች። አራቱ አለቁ። ይሄኛው ግን እንደዚያኛው ቅዳሜ አልነበረም፤ ሁሉም ሲጠብቃት የነበረች እሳት ናት። የአክስቴ ልጅም አጨበጨበ።

ቀይ ቀለሙን ይዞ ሄዷል፤ ቆርኪው ላይ ጋሻ ልሥል ብሎ።

ያልተፈታ ነገር አለ። የጠላቶቹ ተራ ረዘመብኝ። ስድስት ቀስተኛ አንድ በአንድ ስወረውር ሮጋችን ሁለት ጊዜ አዛጋች። ውጊያው ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። ለዚህ ምን ታደርጋላችሁ?

---

ሦስተኛው ራውንድ

እሰይ! የጉዳት ዳይስ አትወርውር። በእያንዳንዱ ጭራቅ ገጽ ላይ አማካዩ ተጽፏል፤ የሆብጎብሊን ቀስት 5 ነው። ካገኘ 5፣ ቀጥል።

---

ደጀን

እኔ ሳጫውት ስድስቱን ባለ 20 ጎን ዳይስ በአንድ እጅ ነው የምወረውረው፤ የዳይሱ ቀለም ከቆርኪው ቀለም ጋር አንድ ይሁን። ቀዩ ዳይስ የቀዩ ቆርኪ ነው። የተለያየ ቀለም ከሌላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ በወደቁበት ቅደም ተከተል አንብቧቸው። ማን ማንን እንደሚመታ ግን ከመወርወርህ በፊት ተናገር፤ ካልሆነ ሳታውቀው ለክሌሪኩ ታዝንለታለህ።